ወር አበባ ከቆመ በኋላ ኤስትሮጅን የት ይሄዳል? የአንዲት የጎንደር መምህርት ተሞክሮ

ካረጠች ሴት ደም መታየት የለበትም። አንድ ጠብታ ቢሆን፣ ፈዘዝ ያለ ነጠብጣብ ቢሆን፣ አንድ ቀን ታይቶ የጠፋ ቢሆን፣ ሐኪም ሊያየው ይገባል። እስከ መጨረሻው ለማንበብ ጊዜ የሌላት እህት ይህችን ብቻ ይዛ ትሂድ። የቀረው፣ እኔ ላይ የደረሰውንና ከዚያ ወዲህ ስለ ሰውነቴ የተረዳሁትን የምናገርበት ነው።

ጎንደር ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ወር አበባዬ በ48 ዓመቴ ገደማ መዛባት ጀመረ፤ አንዳንዴ ሁለት ወር ይዘላል፣ አንዳንዴ ደግሞ ክፍል ገብቼ ቆሜ ማስተማር እስኪያቅተኝ ይበዛል። 51 ላይ ቆመ። በሕክምናው ቋንቋ አንዲት ሴት አረጠች የሚባለው 12 ወር ሙሉ ወር አበባ ሳታይ ስትቆይ ነው። አብዛኞቻችን ከ45 እስከ 55 ባለው ዕድሜ እዚያ እንደርሳለን፤ ከ40 በፊት ከሆነ ግን ለብቻው ምርመራ ያስፈልገዋል። እኔ ደሙን ያየሁት ከቆመ ሁለት ዓመት ካለፈው በኋላ ነው።

የጥምቀት ሰሞን ነበር፤ ቤቱ እንግዳ ሞልቶታል። ለታላቅ እህቴ ጓዳ ውስጥ ስነግራት "እሰይ፣ ልጅነትሽ ተመለሰ" አለችኝ። ጎረቤቴ ደግሞ "ሥራ በዝቶብሽ ነው፣ በዓሉ ሲያልፍ ትንሽ ተኚ" ብላ መከረችኝ። ሁለቱም የተናገሩት ከልባቸው ነው፤ ሁለቱም ወልደው አሳድገው ያረጡ ሴቶች ናቸው። ይህን የምጽፈው ለእንደነሱ ዓይነት ሴቶች ጭምር ነው፤ ምክንያቱም እኛ አገር አንዲት ሴት ደም ሲታያት መጀመሪያ የምትጠይቀው ሐኪም ሳይሆን እህቷንና ጎረቤቷን ነው።

አንድ ነገር ደግሞ በግልጽ ልናገር። በእኛ ዘንድ ማረጥ የሚወደድበት ምክንያት አለው። በወር አበባ ሰሞን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አንገባም፤ ከውጭ ቅጽሩ ውስጥ ቆመን ነው የምናስቀድሰው። ካረጡ በኋላ ግን ቀን ሳይቆጥሩ ገብቶ ማስቀደስ፣ መቁረብ ይቻላል። ብዙ እናቶች ያንን ጊዜ ሲጠብቁት ነው የሚኖሩት። ደሙ ሲመለስ እኔንም ቀድሞ ያሳዘነኝ ይኸው ነበር። ወዲያው ግን ሌላ ሐሳብ መጣብኝ፤ ነጠብጣብ እያየች ከቅዳሴ ላለመቅረት ብላ፣ ወይም አፍራ፣ ለማንም ሳትናገር የምትቆይ እናት ስንት ትሆን? ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። "ልጄ፣ ይሄ ወር አበባሽ አይደለም፣ ሕመም ሊሆን ይችላል። ዛሬ ነገ ሳትዪ ሐኪም ዘንድ ሂጂ" አሉኝ። ካህናቶቻችን ሁሉ እንዲህ ቢመክሩ ብዙ እናቶች በጊዜ ይደርሳሉ ብዬ አምናለሁ።

ጎንደር እርስ በርስ የምንተዋወቅባት ከተማ ናት። መምህር ስትሆኑ ደግሞ ይብሳል፤ ሆስፒታል ብትሄዱ ካርድ ክፍሉም፣ ላቦራቶሪውም፣ መድኃኒት ቤቱም ያስተማራችሁት ልጅ አይጠፋበትም። የማህፀን ምርመራ አልጋ ላይ ስወጣ የሚያየኝ ተማሪዬ ቢሆንስ የሚለው ሐሳብ ሌሊቱን ሲያባንነኝ አደረ። የተቀበለችኝ ነርስ በእርግጥም ተማሪዬ ነበረች። "ቲቸር!" ብላ ትከሻዬን ሳመችኝ፤ የመጣሁበትን በጆሮዋ ስነግራት ግን ፊቷ ተለወጠ። "ይሄማ ዛሬውኑ መታየት አለበት" ብላ ካርዴን ራሷ ይዛ ገባች፤ በምርመራው ጊዜም እጄን ይዛ አጠገቤ ቆመች። የፈራሁት ነገር መጽናኛ ሆነልኝ። የሚታወቁበት ቦታ መሄድ ለሚከብዳቸው እህቶች ግን መፍትሔው ወደ ሌላ ጤና ተቋም መሄድ ነው፤ መቅረት አይደለም።

የመረመረችኝ የማህፀንና ጽንስ ሐኪም ወጣት ሴት ናት። መጀመሪያ የማህፀን በሬን አየች፤ በአገራችን የማህፀን በር ካንሰር ብዙ ሴቶችን ስለሚያጠቃ ይህ ሳይታይ አይታለፍም። ቀጥሎ በብልት በኩል በሚገባ ቀጭን አልትራሳውንድ የማህፀኔን ውስጠኛ ሽፋን ለካች። ካረጠች በኋላ ደም በታያት ሴት ሽፋኑ ከ4 ሚሊ ሜትር ካልበለጠ ብዙ አያሰጋም፤ ከዚያ ካለፈ ናሙና ይወሰዳል። የእኔ 11 ነበር።

ናሙናው እንዴት እንደሚወሰድ ማንም ስላልነገረኝ እኔ ልንገራችሁ። ተኝታችሁ፣ ቀጭን ቱቦ በማህፀን በር ይገባና ከውስጠኛው ሽፋን ትንሽ ሥጋ ይስባል። ያማል፤ አያምም ብላችሁ እንዳትሄዱ። ኃይለኛ የወር አበባ ቁርጠት ነው የሚመስለው፣ ግን ጥቂት ደቂቃ ነው። አስቀድማ የሕመም ማስታገሻ እንድወስድ ማድረጓ በጣም ረድቶኛል፤ እናንተም ጠይቁ። ከዚያ በኋላ አንድ ሁለት ቀን ትንሽ ደም ሊኖር ይችላል።

ውጤቱ ከፓቶሎጂ፣ ናሙናው ከሚመረመርበት ክፍል፣ እስኪመጣ የነበረው ጥበቃ ከምርመራው ይከብዳል። ሐኪሟ ያኔ የነገረችኝ ነገር ያዝ አደረገኝ፤ ካረጡ በኋላ ደም ከሚያዩ 10 ሴቶች ወደ 9ኙ ካንሰር አይገኝባቸውም። ነገር ግን የማህፀን ውስጠኛ ሽፋን ካንሰር ካለባቸው 10 ሴቶች 9ኙ ወደ ሐኪም የሚመጡት በዚሁ ምልክት ነው። ስለዚህ ምልክቱ ሳይዘገይ ይናገራል፤ የምንዘገየው እኛ ነን።

የእኔ ውጤት ሃይፐርፕላዥያ የሚባለው ሆነ። ሽፋኑ ከልክ በላይ አድጓል፣ ሴሎቹ ግን ወደ መጥፎ አልተለወጡም። ይህ ዓይነቱ በ20 ዓመት ውስጥ ወደ ካንሰር የሚሄደው ከ100 ሴቶች ከ5 ባነሱት ላይ ነው፤ በመድኃኒትም ይመለሳል። ሴሎቹ ተለውጠው ቢገኙ ኖሮ ምክሩ ሌላ ነበር፤ ብዙ ጊዜ ማህፀንን ማውጣት ነው።

እፎይ ካልኩ በኋላ ያስጨነቀኝን ጥያቄ ጠየቅኳት። ኤስትሮጅን የሚባለውን የሴት ሆርሞን የሚያመርተው ኦቫሪ፣ ማለትም እንቁላል የሚወጣበት ዕጢ፣ ነው ብዬ ነበር የማስተምረው። "ዶክተር፣ ይህን ሽፋን የሚያሳድገው ኤስትሮጅን ነው። ኦቫሪዬ ሥራ ካቆመ ዓመታት ሆኖታል። ታዲያ ማን አሳደገው?"

"ኤስትሮጅን የሚሠራው ኦቫሪ ብቻ አይደለም እኮ፣ እናቴ። ስብዎም ይሠራል" አለችኝ።

የምናስተምርበት መጽሐፍ እዚህ ላይ አይደርስም። ኦቫሪ እንቁላል ማውጣት ሲያቆም ኤስትሮጅን ይቀንሳል ይልና ምዕራፉ ያልቃል። የሴት ዕድሜ ግን ከዚያ በኋላ ሌላ 20 እና 30 ዓመት ይቀጥላል። ስለዚህ ቤት ገብቼ ማንበብ ጀመርኩ፤ በየቀጠሮውም ጥያቄ ጽፌ ይዤ መሄድ ልማዴ ሆነ።

ኤስትሮጅን አንድ ነገር አይደለም። ዋናዎቹ ሦስት ናቸው። ኤስትራዲዮል ኃይለኛው ነው፤ በመውለጃ ዕድሜ ኦቫሪ የሚያመርተው በአብዛኛው እሱን ነው። ኤስትሪዮል በእርግዝና ጊዜ የሚበዛው ነው። ሦስተኛው ኤስትሮን ከኤስትራዲዮል ደከም ያለ ሲሆን ካረጥን በኋላ ዋነኛው ኤስትሮጅናችን እሱ ይሆናል። የሚሠራውም እንዲህ ነው፦ ከኩላሊት በላይ የተቀመጠው አድሬናል የሚባል ዕጢ አንድሮስቴኔዲዮን የተባለ ጥሬ ሆርሞን ወደ ደም ይለቃል። በስባችን ውስጥ ደግሞ አሮማቴዝ የሚባል ኢንዛይም አለ፤ ያንን ጥሬ ነገር ወደ ኤስትሮን ይለውጠዋል። ስብ በበዛ ቁጥር ኢንዛይሙም ይበዛል። የጡት ካንሰር ታክመው ሌትሮዞል ወይም አናስትሮዞል የታዘዘላቸው ያረጡ ሴቶች ካሉ፣ መድኃኒታቸው የሚዘጋው ይህንኑ ኢንዛይም ነው።

ታዲያ ትንሽ ኤስትሮን ምን ጎዳ? ነገሩ ያለው ብቻውን መሆኑ ላይ ነው። በደህናው ጊዜ ኤስትሮጅን የማህፀንን ሽፋን ያሳድጋል፤ እንቁላል ከወጣ በኋላ የሚመጣው ፕሮጄስትሮን ደግሞ እድገቱን ይገታል፣ ከዚያም ሽፋኑ በወር አበባ ይወርዳል። ካረጥን በኋላ እንቁላል የለም፤ እንቁላል ከሌለ ፕሮጄስትሮን የለም። ስለዚህ ከስብ የሚመጣው ኤስትሮን ትንሽ ቢሆንም ገቺ ሳይኖረው በየቀኑ ሽፋኑን ይነካካዋል። እኔ ወር አበባዬ ከቆመ በኋላ በጣም ወፍሬ ነበር፤ ወገቤ ዙሪያ ሰፍቶ ቀሚሶቼን በሙሉ ለውጫለሁ። ውፍረት፣ የስኳር በሽታ፣ ልጅ አለመውለድ፣ ዘግይቶ ማረጥ፣ ታሞክሲፈን የሚባለውን የጡት ካንሰር መድኃኒት መውሰድ፣ እነዚህ ሁሉ የማህፀን ሽፋን ካንሰር አደጋን ይጨምራሉ። ታሞክሲፈን ለጡት ኤስትሮጅንን ይከለክላል፣ ለማህፀን ግን ራሱ እንደ ኤስትሮጅን ይሆናል። የሚወስዱ እህቶች መድኃኒቱን በራሳቸው እንዳያቆሙ፣ ደም ካዩ ግን በዚያው ሳምንት እንዲናገሩ እለምናለሁ።

የተሠራው ኤስትሮጅን ሥራውን ከጨረሰ በኋላ መፍረስና መውጣት አለበት። ይህን በዋናነት የሚያደርገው ጉበት ነው፤ ሁለት ደረጃ አለው። መጀመሪያ የጉበት ኢንዛይሞች ኤስትሮጅኑን በሦስት መንገድ ይለውጡታል፤ መንገዶቹ በሞለኪውሉ ላይ ለውጡ በሚደረግበት ቦታ 2፣ 4 እና 16 እየተባሉ ይጠራሉ። በ2 የሄደው ደካማ ነው። በ16 የሄደው ኤስትሮጅንነቱን ብዙ አይለቅም። በ4 የሄደው ደግሞ ቶሎ ካልተገታ ዲኤንኤን ሊጎዳ ወደሚችል ነገር ይለወጣል፤ ኮምት የሚባል ሌላ ኢንዛይም ነው የሚያረግበው። በሁለተኛው ደረጃ ጉበት እነዚህን ሁሉ በውኃ በሚሟሟ ነገር አስሮ ከፊሉን በኩላሊት በኩል ወደ ሽንት፣ ከፊሉን ከሐሞት ጋር ወደ አንጀት ይልካቸዋል።

እዚህ ላይ ያስገረመኝ ነገር አለ። አንጀት ውስጥ ያሉ አንዳንድ ባክቴሪያዎች ጉበት ያሰረውን ይፈቱታል። መናኸሪያ ላይ ተጠፍሮ የተጫነ ጓዝ መንገድ ላይ ተፈትቶ ወደ ቤት እንደሚመለስ ማለት ነው፤ የተፈታው ኤስትሮጅን በአንጀት ግድግዳ አልፎ እንደገና ደም ውስጥ ይገባል። አሰር ያለው ምግብ፣ ማለትም ጥራጥሬ፣ ጎመን፣ ያልተፈተገ እህል፣ አንጀትን በደንብ ስለሚያንቀሳቅስ በሰገራ የሚወጣው ኤስትሮጅን እንዲጨምር ይረዳል። አልኮል በተቃራኒው በሴት ደም ውስጥ ኤስትሮጅንን ከፍ ያደርጋል፤ የጡት ካንሰር አደጋንም ይጨምራል። ጠላም አረቄም እዚህ ውስጥ ይገባሉ። በየማኅበሩና በየበዓሉ "አንድ ብርሌ፣ አንድ ጣሳ" እየተባለ የሚጠጣው ተደምሮ ብዙ ነው።

ስለ መድኃኒትም ልናገር፤ ይህ በእኛ አካባቢ በጣም ያስፈልጋል። የቲቢ መድኃኒት የሆነው ሪፋምፒሲን፣ የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች የሆኑት ፌኖባርቢታል፣ ፌኒቶይንና ካርባማዘፒን የጉበትን ኢንዛይሞች ያበዛሉ። ኢንዛይሙ ሲበዛ ኤስትሮጅን ቶሎ ይፈርሳል። ስለዚህ ወር አበባዋ ገና መዛባት የጀመረ የ45 ዓመት ሴት የእርግዝና መከላከያ እንክብል እየወሰደች የቲቢ ሕክምና ብትጀምር፣ እንክብሉ ላይሠራላት ይችላል። ለሐኪሟ መናገር አለባት። "አርጅቻለሁ፣ አላረግዝም" ብላ መተውም ልክ አይደለም፤ 12 ወር እስኪሞላ ድረስ ማርገዝ ይቻላል።

"ሆርሞን የሚያጸዳ"፣ "ጉበት የሚያጥብ" እየተባለ በዱቄትና በእንክብል የሚሸጥ ነገር በዝቷል። ለእኔም አንዲት የማውቃት ሴት አምጥታልኝ ነበር። ማስታወቂያው ከላይ የነገርኳችሁን የ2ና የ16 መንገድ እየጠቀሰ ሚዛኑን አስተካክላለሁ ይላል። እርግጥ ጥቅል ጎመንና አበባ ጎመን ውስጥ ያለ ንጥረ ነገር የጉበትን ሥራ ወደ 2 መንገድ ሊያዘነብል ይችላል። ነገር ግን በሽንት የሚለካው ይህ ሚዛን የጡት ካንሰር ማንን እንደሚይዝ በአስተማማኝነት አላመለከተም፤ ሚዛኑን በእንክብል መለወጥም በሽታ እንደሚከላከል አልተረጋገጠም። ጎመኑን ብሉ። ዱቄቱን ግን፣ ምን እንደገባበት የማይታወቀውን፣ በጉበታችሁ ላይ አትሞክሩ።

ስለ ተልባም ብዙ ሴቶች ይጠይቁኛል። ተልባ ውስጥ ሊግናን የሚባል ነገር አለ፤ የአንጀት ባክቴሪያዎች ወደ ደካማ ኤስትሮጅን መሰል ነገር ይለውጡታል። ስለዚህ ተልባ በማረጥ ጊዜ ድንገት የሚመጣውን ሙቀትና ላብ ያጠፋል ተባለ፤ በጥንቃቄ ሲፈተን ግን ከሌላ ምግብ የተለየ ውጤት አላሳየም። ለሆድ ድርቀትና ለኮሌስትሮል ግን ጥሩ ነው፤ እኔም በጾም እጠጣዋለሁ።

እንግዲህ ዋናው ነገር ይህ ነው፦ እዚያው አንድ ሰውነት ውስጥ፣ በአንድ ጊዜ፣ ኤስትሮጅን ለአንዱ ክፍል ያንሳል፣ ለሌላው ይበዛል። ማህፀኔ ያለ ገቺ በመጣ ኤስትሮን ሲወፍር፣ አንጎሌና አጥንቴ ኤስትሮጅን ጎድሏቸው ነበር። ስለዚህ "ኤስትሮጅን አንሶሻል፣ ጨምሪ" ወይም "በዝቶብሻል፣ አጽጂ" የሚል ሰው ሳይመረምር የሚናገር ከሆነ አትስሙት።

አንጎሌን ያልኩት ስለ ሙቀቱ ነው። የሰውነትን ሙቀት የሚቆጣጠረው የአንጎል ክፍል ኤስትሮጅን ሲወርድበት በጣም ስሱ ይሆናል፤ ትንሽ የሙቀት ለውጥን እንደ ትልቅ ቆጥሮ ላብ ያወርዳል። የጎንደርን የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ታውቁታላችሁ፤ ሰው ሁሉ ጋቢ ላይ ብርድ ልብስ ሲደርብ እኔ መስኮት እከፍት ነበር፤ ላቡ ሲደርቅ ደግሞ እንቀጠቀጣለሁ። ወፍራም ሴት ኤስትሮጅን ስላላት ሙቀቱ አይነካትም የሚባለውም በእኔ አልታየም፤ እንዲያውም ስቡ ሙቀቱን አላስወጣ ብሎኝ ነበር። ያኔ ጤና ጣቢያ ስሄድ መጀመሪያ የተመረመርኩት ለቲቢ ነው፤ ቀጥሎ የታይሮይድ ሆርሞን ታየ። ሁለቱም ተገቢ ነበሩ። የሌሊት ላብ ከሳልና ከክብደት መቀነስ ጋር ከመጣ ማረጥ ነው ብሎ መተው አይገባም፤ እንቅርት ባለባት ሴት ደግሞ የልብ መምታትና ላብ ከታይሮይድ ሊመጣ ይችላል። ሁለቱም ነጻ ሲሆኑ ነው ማረጥ መሆኑ የታወቀልኝ። ቡናውን አልተውኩም፤ ግን ትኩሱን ሳይሆን በረድ ሲል እጠጣለሁ፣ ሦስተኛዋን አልጠብቅም። ሚጥሚጣ ማታ አልነካም። በላይ በላይ የሚወልቅ ስስ ልብስ ደርቤ እተኛለሁ። ይህ ሙቀቱን አላጠፋልኝም፤ እንቅልፌን ግን መለሰልኝ።

ሕክምናዬ ፕሮጄስትሮን መሰል እንክብል ነበር፤ ለጎደለው ገቺ ምትክ ማለት ነው። ያንኑ መድኃኒት የሚለቅ፣ ማህፀን ውስጥ የሚቀመጥ ሉፕም አለ፤ በብዙ ቦታ ተመራጩ እሱ ነው። እኔ በጊዜው ማግኘት የቻልኩት እንክብሉን ስለነበር እሱን ወሰድኩ። ቢያንስ 6 ወር ይወሰዳል፤ ደሙ ቆሟል ተብሎ አይቋረጥም። ሆዴን ይነፋኝ ነበር፣ ስሜቴም ይለዋወጥ ነበር፤ ለሐኪሟ ስነግራት የምወስድበትን ሰዓት ወደ ማታ አደረገችልኝ፣ ተሻለኝ። ከዚያ ናሙና ተደግሞ ሽፋኑ ወደ ደህናው መመለሱ ታየ። አሁንም ክትትል ላይ ነኝ።

እንክብሉ ሽፋኑን ቢመልሰውም የኤስትሮኑ ምንጭ ስቡ ነው፤ ክብደት ካልቀነሰ ነገሩ ሊመለስ ይችላል። እኔ ትምህርት ቤት በባጃጅ መሄድ ተውኩ። ቅዳሜና እሑድ ጠዋት ከፒያሳ ተነስቼ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ድረስ በእግሬ እሄዳለሁ። ምግብ ላይ ትልቁ ለውጤ ዘይት ነው። የጾም ምግብ ጤናማ ነው እንላለን፤ ሽሮውና ምስሩ በእርግጥ ጤናማ ነው፣ ግን በአንድ ድስት የምናፈሰውን ዘይት ልብ ብላችሁ እዩት። ክብደቱ በዝግታ ነው የወረደው። ክብደት ሲቀንስ በደም ያለው ኤስትሮጅንም ይቀንሳል፣ የደም ስኳርም ይስተካከላል።

ስለ አጥንት፦ ካረጥን በኋላ ባሉት ከ5 እስከ 7 ዓመታት እስከ 20 በመቶ የሚሆን የአጥንት ጥንካሬ ልናጣ እንችላለን። ከ50 በላይ ለሆነች ሴት በቀን ወደ 1,200 ሚሊ ግራም ካልሲየም ይመከራል፤ በጾም ወተት ስለማንጠጣ ከእህል መፈለግ አለብን። በእኛ አገር የሚበቅለው ዳጉሳ በ100 ግራም ከ300 ሚሊ ግራም በላይ ካልሲየም አለው። የድሃ እህል እያልን የናቅነው ዳጉሳ ለአጥንታችን ከስንዴ በብዙ ይሻላል። የመተማና የሁመራ ሰሊጥም ከነገለባው እንዲሁ።

ማንም የማያወራውን ደግሞ እኔ ልናገረው። ኤስትሮጅን ሲቀንስ ብልት ይደርቃል፣ ይሳሳል፤ ግንኙነት ያማል፣ ሽንት ያቃጥላል፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን እየተመላለሰ ይመጣል። ከሙቀቱ የሚለየው፣ ሙቀቱ በዓመታት ውስጥ ሲበርድ ይህ ሳይታከም ከቀረ እየባሰ ይሄዳል። ስንት እናት ባሏን "አልፈልግህም" የምትል እየመሰላት፣ እሱም እንደዚያ እየመሰለው፣ ትዳር በዝምታ ይቀዘቅዛል። መድኃኒት አለው። በብልት የሚገባ አነስተኛ ኤስትሮጅን ወደ ደም የሚያልፈው እጅግ ጥቂት ነው፤ ለብዙ ሴቶችም ይሆናል። ለእኔ ሽፋኑ እስኪስተካከል ድረስ ስላልተፈቀደልኝ በውኃ የተሠራ ማለስለሻ ጄል ነው የተጠቀምኩት። ለባለቤቴም ምክንያቱን ቁጭ ብዬ አስረዳሁት። አምኖ ሰማኝ።

ውጭ አገር ካለች እህቷ የኤስትሮጅን እንክብል የተላከላት ባልደረባዬ ልውሰደው ወይ ብላ ጠይቃኛለች። የሆርሞን ሕክምና ክፉ ነገር አይደለም። በ2002 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ሲካሄድ የቆየ ትልቅ ጥናት ኤስትሮጅንና ፕሮጄስቲን (ፕሮጄስትሮን መሰሉን መድኃኒት) አብረው የወሰዱ ሴቶች ላይ የጡት ካንሰር በጥቂቱ ጨምሮ በማግኘቱ ሲቋረጥ ዓለም ሁሉ ፈራ፤ የተጠኑት ሴቶች አማካይ ዕድሜ ግን 63 ነበር። ዛሬ የሚመከረው ከ60 ዓመት በታች ለሆኑ ወይም ካረጡ 10 ዓመት ላልሞላቸው፣ ሙቀቱ ለበረታባቸው ሴቶች ጥቅሙ ያመዝናል ተብሎ ነው። ሁለት ነገር ግን ነገርኳት። ማህፀኗ ያለ ሴት ኤስትሮጅንን ብቻውን መውሰድ የለባትም፣ ፕሮጄስትሮን መሰል መድኃኒት አብሮ ካልተሰጠ የእኔው ነገር፣ ከዚያም የባሰ ይመጣባታል። ሌላው፣ በአፍ የተወሰደ ኤስትሮጅን መጀመሪያ በጉበት ስለሚያልፍ ደምን የሚያረጉ ነገሮች እንዲበዙ ያደርጋል፤ በቆዳ ላይ የሚለጠፈው በዚህ በኩል ይሻላል። ደም ግፊት፣ የደም መርጋት ወይም የጡት ካንሰር ታሪክ ያላት ሴት በፖስታ በመጣ መድኃኒት የምትወስነው ነገር አይደለም። ይዛው ሐኪም ዘንድ ሄደች።

ስትሄዱ እነዚህን በወረቀት ጽፋችሁ ያዙ፦ የመጨረሻው ወር አበባ የታየበትን ወር፣ ደሙ የጀመረበትን ቀንና መጠኑን፣ የምትወስዱትን መድኃኒት በሙሉ ከባህል መድኃኒቱ ጋር፣ ስኳርና ግፊት ካለባችሁ፣ በቤተሰብ የማህፀን፣ የአንጀት ወይም የጡት ካንሰር ያለበት ካለ። የጤና መድን ደብተራችሁን አትርሱ። ደም እየፈሰሰ ነው ብላችሁ እስኪቆም አትጠብቁ፣ እየፈሰሰም ይመረመራል። የናሙና ውጤቱን ደግሞ ኮፒ አድርጋችሁ ቤት አስቀምጡ፤ በሚቀጥለው ቀጠሮ የሚያያችሁ ሌላ ሐኪም ሊሆን ስለሚችል አዲሱን ውጤት የሚያነጻጽረው ከዚያ ወረቀት ጋር ነው።